ቢጫ ደም ያለው እሾህ

እሾሁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ትሑት ሆኜ አይደለም፤ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ብዬ ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ እያልሁ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በጠመኔ የተሣለ ተክል ደግሞ አይዋጋም፣ አይራባም፣ ደወል ሲደወል ተጠርጎ ይጠፋል። ከእውነተኛው ተክል ጋር የነበረኝ ትውውቅ ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር። ይህን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእኔ በቀር ማንም አላወቀብኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር መራዊ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማ ሲቀይር ተሳፋሪው መንገድ ዳር ተበተነ። እኔም እንደ ተቀጣ ተማሪ ፀሐይ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን ስቃኝ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጠጠር ከተደፋበት ቦታ አንድ አበባ አየሁ። ቢጫ ነው፤ ስስ፣ ሐር የመሰለ ቢጫ። ቅጠሉ አመድማ አረንጓዴ ሆኖ ደም ሥሮቹን በነጭ ቀለም የቀቧቸው ይመስላል። ውሃም አፈርም በሌለበት ቦታ እንደ ሙሽራ ተኩሎ ቆሟል።

"ይህን አበባ እየው እስቲ" አልሁት ባለቤቴን።

ባለቤቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ለሥራ መጥቶ በእኔ ምክንያት የቀረ። ተክል ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይበላል ወይስ አይበላም?

"እሾህ ነው" አለኝ።

"አበባ ነው።"

"እሾህ ያለው ነገር እሾህ ነው።"

ሙያዬን እንደ ተሰደብሁ ቆጠርሁት። ሻርፔን እጄ ላይ ጠቅልዬ የደረቁትን የፍሬ ከረጢቶች ቀጠፍሁ። ከረጢቱ ራሱ እሾህ የለበሰ ነው፤ አናቱ ተከፍቶ ውስጡ ባሩድ የመሰሉ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ሞልተውታል። ሦስቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ጣቶቼ ሲለበልቡኝ ነበር፤ ባለቤቴ እንዳያይብኝ እጄን ከቦርሳው ሥር ደበቅሁ።

የምንኖረው ዓባይ ማዶ በኪራይ ቤት ነው፤ ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ይዤ ወደ አባቴ ሄድሁ።

አባቴ ጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔን በአርባ አምስት ዓመቴም የየኔታ ልጅ ይለኛል። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሥር ነው። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ደግሞ ባሕር ሸሽ የምንለው መሬት አለ። ሐይቁ በክረምት ይውጠዋል፣ በበጋ ሲሸሽ ይተወዋል። ግማሹ ይታረሳል፣ ግማሹ የከብት ግጦሽ ነው።

በሁለት አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ስዘራው አባቴ ደጅ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"አበባ ነው አባዬ። ለግቢዎ ማማሪያ።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ግን መምህር ነኝ፤ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰማ ተማሪ የለም።

"የወርቅ አበባ ይባላል" አልሁ። ስሙን ያኔውኑ ነው የፈጠርሁት።

አባቴ መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። "ወርቅ ከሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይሠራል?" አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

አበባው አምሮ ወጣ። ቅዳሴ አድርሰው በደጃፉ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው አደነቁት፤ አንዳንዶቹም ፍሬ እየለቀሙ ለየደጃቸው ወሰዱ። እኔም ባለሙያ ነኝና ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠኋቸው። የቀጣዩ ዓመት ክረምት ከበድ ያለ ነበር። ጎርፉ የአባቴን ግቢ ጠርጎ፣ ቆርቆሮዎቹን ገልብጦ ወደ ባሕር ሸሹ ወረደ። አባቴ ስለ ዶሮዎቻቸው አለቀሱ፤ ስለ አበባው ማንም ያነሣ የለም። እኔም ረሳሁት።

ከአባቴ ቀጥሎ ያለው ቤት የእትዬ ነው። እትዬ የምላት በሥጋ እኅቴ ሆና አይደለም፤ በሕፃንነቴ አዝላ ስላሳደገችኝ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ላም፣ አራት የንብ ቀፎና ባሕር ሸሹ ላይ ያለች ቁራጭ መሬት ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። ሰው አትፈራም። ጳጳስ ቢመጣ እንኳ "ጫማዎን ያራግፉ፣ ቤቴን አሁን ነው የጠረግሁት" የምትል ሴት ናት።

ጥር ላይ አባቴን ልጠይቅ ብሄድ በአጥር አሻግራ ጠራችኝ።

"የየኔታ ልጅ፣ ነይ እስቲ ላሜን እያት።"

የላሟ ከንፈርና ግት በእሾህ ተበሳስቶ ደም አቅርሯል። እትዬ ልታልባት ስትጠጋ ላሚቱ በእግሯ ልትመታት ተነሣች።

"ምን ነካት?" አልሁ።

"እሱንማ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። የተማርሽው አንቺ።"

ባሕር ሸሹ ላይ ወሰደችኝ። ሣር በነበረበት ቦታ አንድ እሾሃም ተክል እንደ ሰፌድ መሬት ላይ ተነጥፎ ተነጥፎ በቅሏል። ገና ግንድ አላወጣም፣ አላበበም። ከብቶቹ በመካከሉ የቀረችውን ሣር ለመንጨት አፋቸውን እያሾሉ ይገባሉ፣ እየተወጉ ይወጣሉ። ጎንበስ ብዬ እንደ ሐኪም አየሁት። ሳል ሳል አልሁ።

"ኮሸሽላ ነው" አልኋት። "ያገራችን እሾህ ነው፤ አትስጊ።"

"ኮሸሽላን እኔ አላውቀውም? ኮሸሽላ ዳገት ነው የሚወድ። ውሃ አፍ ላይ ምን ሊሠራ ይወርዳል?"

"የአየር ንብረት ለውጥ ነው።"

ያልገባንን ነገር ሁሉ የምናሳብብበት ነገር ድሮ ሰይጣን ነበር፤ አሁን ይኸ ነው። እትዬ ግን በሰይጣንም ቢሆን በቀላሉ የምታምን አልነበረችም። ትታኝ ወደ ላሟ ተመለሰች።

ከወር በኋላ ከግብርና አንድ ባለሙያ መጣ። ጡረታው የቀረበ፣ ትሑት፣ ክረምት ከበጋ ኮት የማያወልቅ ሰው ነው። መጤ አረምን ስለ መከላከል የሚናገር ባነርና የአረሙን ሥዕል ይዞ ነው የመጣው። ሥዕሉ ከኮፒ ላይ ኮፒ ተደርጎ፣ እሱም እንደ ገና ተባዝቶ የደረሰን ነው። ቀለም የለውም። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ነገር ኮሸሽላም፣ የዶሮ ጎጆም፣ የአባቴ ጢምም ሊሆን ይችል ነበር።

"መምህርት፣ እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት፤ እስቲ ይለዩልን" አለኝ በሕዝቡ ፊት።

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። የድምፅ ማጉያውን ተቀበልሁ። ያንን ዕቃ አንድ ጊዜ አፉ ላይ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ማሰብ አይችልም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ዳገት እውነተኛው ኮሸሽላ የሞላበት ነበር። ቁመቱ እስከ ደረት ይደርሳል፤ በየጫፉ እንደ ጨርቅ ኳስ ክብ የሆነ ራስ አለው። "ይኸውላችሁ ጠላታችን!" አልሁ፤ ድምፄ ሐይቁን አቋርጦ ሲመለስ ለራሴም ሰማሁት። ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ገበሬው፣ ሁሉም ዶማና መኮትኮቻ ይዞ ዳገቱ ላይ ወጣ። እትዬ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

"ንቦቼ የሚቀስሙትን ነው የምትነቅሉት።"

"ለንብ ሌላ አበባ አለ፣ እትዬ" አልኋት በማጉያው። በማጉያው ማለት አልነበረብኝም።

እኩለ ቀን ሲሆን ዳገቱ እንደ ሐዘንተኛ ራስ ተላጨ። አንድ ዲያቆን ላቡን እየጠረገ ወደ ታች ወደ ባሕር ሸሹ ጠቆመኝ። እዚያ የተነጠፈው ሁሉ አሁን ግንድ አውጥቶ አብቧል፤ መሬቱ ቢጫ ነው።

"ያኛውስ መምህርት?"

አየሁት፤ አወቅሁት። የእኔው ወርቅ አበባ! እትዬ በጥር ያሳየችኝ እሾህ እሱ ራሱ መሆኑን ግን አእምሮዬ አላገናኘውም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

"እሱ ጌጥ ነው፣ ተዉት" አልሁ። ከዚያም ዶማ ይዤ ፎቶ ተነሣሁ።

የሆነው ሁሉ የሆነው በቀጣዩ ክረምት ነው። የኮሸሽላው ሥር ይዞት የነበረው አፈር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዝናቦች ከዳገቱ ወረደ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ግማሹ አብሮ ሄደ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በቂጣቸው ነበር የሚወርዱት፤ ስሜን እያነሡ። ከአራቱ የእትዬ ቀፎዎች የሁለቱ ንቦች ጥለው ጠፉ። በኮሸሽላው ክብ ራሶች ላይ ተዘቅዝቀው ወለላ የሚመጥጡት ትናንሽ አብረቅራቂ ወፎችም አልታዩም። ዝናቡ ሲያባራ በተላጨው ዳገት ላይ ከሁሉ ቀድሞ የበቀለው ደግሞ ያ አመድማ ቅጠል ነበር። የተቆፈረ መሬት ይወዳል፤ እኛም አልጋ ያነጠፍንለት ያህል ነበር።

አባቴ ሰው ላኩብኝ። ስደርስ ደጃቸው ላይ ሁለት ግንድ አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ዳገቱ ጥግ ላይ የተረፈ ኮሸሽላ አንዱ ነው፤ ሌላው የእኔው።

"ተቀመጪ" አሉኝ። ሰንጢያቸውን አውጥተው ኮሸሽላውን ቆረጡት። ከቁራጩ ላይ ትንሽ ቀለም የለሽ ውሃ አቀረረ። ቀጥለው ሌላውን ቆረጡት። እንደ እንቁላል አስኳል የጠቆረ ቢጫ ደም ተንዠቅዥቆ ጣታቸው ላይ ወረደ፤ ነጩ ጋቢያቸው ላይም ጠብ አለ።

"እትዬሽ ናት ያሳየችኝ። ማንበብ የማትችለው" አሉኝ። "ተማሪዬ ሰሙን ከወርቁ መለየት ካቃተው አባርረዋለሁ። አንቺን ወዴት ላባርርሽ?"

ትምህርት ቤት ተመልሼ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን የዕፅዋት መጻሕፍት አንድ በአንድ ገለጥሁ። አገኘሁት። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የኮሸሽላ ዘመድ እንኳ አይደለም። ቅጠሉም ግንዱም ፍሬውም መርዝ ነው፤ ከብት የሚርቀው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ከረጢት የሚይዘው ፍሬ ብዙ ነው፤ መሬት ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና ይነሣል። ሣሩን ከብት ሲግጠው ጎረቤቱን ያጠፋለታል፤ እሱን የሚነካው የለምና ይሰፋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ጸበል ጻዲቅ ሲቀምስ ተነሥቼ ለመናገር ወሰንሁ። ሌሊቱን የተለማመድሁት ንግግር ነበረኝ። ያለ ማጉያ።

"ስለ እሾሁ የምናገረው አለኝ" ስል አንድ ሽማግሌ አቋረጡኝ።

"እሱማ በእርዳታ ስንዴ ነው የመጣ።"

"ምን በስንዴ ነው!" አሉ ሌላው። "መንገድ ሠሪዎች ናቸው፣ በትልቁ ማሽን ጎማ።"

አንድ ቄስ ደግሞ ነገሩን ወደ አዳም ወሰዱት። አዳም ከተነሣ ወዲያ ማን ያቆማቸዋል? በመጨረሻ ጮክ ብዬ "እኔ ነኝ ያመጣሁት! ከመራዊ፣ በቦርሳዬ!" አልሁ።

ከዚያ ሳቁ።

"በቦርሳ?" አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ይህን ሁሉ መሬት አንቺ ብቻሽን? አይ የተማረ ሰው! ጥፋቱን እንኳ ለብቻው ካልያዘ አይወድም።"

ልከራከራቸው አፌን ስከፍት አባቴ ከተቀመጡበት "እመኗት" አሉ። "ቆርቆሮው ከደጄ ነበር። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ።"

ሳቁ ቀነሰ። ፍሬ ለደጃቸው የወሰዱት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይቅርታውን እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። "እሾሁን ግን እግዜር አይነቅለውም። ቅዳሜ ጠዋት ነይ።"

ሄድሁ። ባለቤቴም አብሮኝ መጣ፤ "እሾህ ያለው ነገር እሾህ ነው" የሚለውን ንግግሩን በየአሥር ደቂቃው ለመድገም ካልሆነ በቀር ለምን እንደ መጣ አላውቅም። ለሁላችንም ወፍራም የቆዳ ጓንት ይዞልን ነበርና ታገሥሁት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ያጸዳሁት ቦታ ከሁሉም የሰፋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ ሁሉም ተመልሶ ወጣ። ግንዱን ነበር የሰበርሁት። እትዬ አጠገቤ ተንበርክካ ዶማዋን ከሥሩ በታች አሾልካ አስገባችና እንደ ካሮት ያለ ረጅም ሥር መዘዘች።

"አንገቱን ብታንቂው ይስቅብሻል። እግሩን ያዥው።"

ሌላ ቀን ደግሞ የተነቀለውን ተሸክሜ ንጹሑን መሬት አቋርጬ ሄድሁ። ከረጢቶቹ ተከፍተው ኖሮ ፍሬው በእርምጃዬ ልክ እየተንጠባጠበ ተከተለኝ። እትዬ ከኋላዬ ሆና ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ከረጢት ሳያወጣ መንቀል፣ ያወጣውን እዚያው ባለበት በጆንያ ጠቅልሎ ማቃጠል ለመድን። የተጠራጠርነውን ሁሉ እየቆረጥን እናያለን፤ ቢጫ ካለቀሰ ይነቀላል፣ ካላለቀሰ ይተዋል። መንደሩ ሁሉ ተያዘበት። አንድ ሰሞን ቅዳሴ ላይ የዲያቆናቱ ጥፍር ሁሉ ቢጫ ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እትዬ ዳገቱ ላይ ስትወጣ እየቆመች መተንፈስ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ እንደ ቡሆ አብጦ አየሁት፤ በጣቷ ስትጫነው ጎድጉዶ ይቀራል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ዕድሜ ነው። ወይ ዓይን ነው። ጠበል ጀምሬያለሁ።"

ደጃፏ ላይ ጎመን ዘር በሰፌድ ፈስሷል፤ ዘይት ልታስጨምቀው እያበጠረች ነበር። ከባሕር ሸሹ መሬቷ ያገኘችው ነው። እፍኝ አንሥቼ መዳፌ ላይ በተንሁት። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ድቡልቡል። አንዳንዱ ግን ጥቁረቱ ሌላ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት የፈረድሁትን አስታወስሁና አፌን ያዝሁ። ቆንጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድሁና ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የማጉያ መነጽር ሥር አደረግሁት። የጎመኑ ዘር ለስላሳ ነው። ሌላው ገላው መረብ የለበሰ ይመስል የተቦረቦረ ነው፤ ባንድ በኩልም ትንሽ ሹል አፍንጫ አለችው። ከመራዊ መንገድ የለቀምሁት ባሩድ ነው። መጽሐፉ ላይ ከቅባት እህል ጋር ሲጨመቅ እግር እንደሚያሳብጥና ልብን እንደሚጎዳ ያነበብሁት ትዝ አለኝ። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

"እትዬ፣ ያን ዘይት እንዳትበዪ!"

"የቱን? ጾሙን ሙሉ ስበላው የከረምሁትን?"

"እሱን።"

"ደግሞ ዛሬ ምን ብለሽ መጣሽ?" አለችኝ። "ያኔ ኮሸሽላ ነው አልሽኝ። ጌጥ ነው አልሽ። አሁን ደግሞ ዘይቴ መርዝ ሆነ?"

ይገባኝ ነበር። ወረቀቱን ፈታሁ፤ መነጽሩን ይዤው መጥቼ ነበርና ዓይኗ ላይ አደረግሁላት። "እኔን አትመኚኝ። ራስሽ ለዪው" አልኋት። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በጣቷ ጫፍ አንዱን ፍሬ ለየች፣ ሌላውን ለየች፣ ሌላውን። አንዱንም አልሳተችም።

"ይኸ ከላሜ ግት የነቀልሁት እሾህ ፍሬ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ያን ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ እነሱም ወደ ሆስፒታል ላኳት። ዘይቱን እንድትተው ነገሯት፣ መድኃኒትም ሰጧት። ጥቂት ቀን ተኝታ ወጣች። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየወጣሁ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ስቀመጥ፣ ብትሞትብኝ ምን ብዬ እኖራለሁ የሚል ሐሳብ ነበር የሚዞረኝ። እሷ ግን የሚያስጨንቃት የላሟ ነገር ነበር። ከፋሲካ በኋላ እብጠቱ ወረደ፣ ትንፋሿም ተመለሰ። ምስጋናውን ሁሉ ጠበሉ ወሰደ።

"ጠበሉ ነው ያዳነኝ" ስትል አባቴ ሰሟት።

"ልክ ነሽ" አሏት። "ጠበል ዘይት የለበትም።"

የቀረውን ዘይት ሁሉ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው። ጉድጓዱን ማን እንደ ቆፈረ መናገር አያስፈልገኝም። የዓመት ልፋቷ ሲፈስ እትዬ ፊቷን አዞረች፤ እኔም አብሬ አዞርሁ። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው ጎመን ዘሩን ሳያስጨምቅ በፊት እፍኝ እፍኝ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። የሚያመጣው ግን ለእኔ አይደለም፤ ለእትዬ ነው። መነጽሩ እሷ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤቱ መነጽሩ የት ገባ ሲል "ለመስክ ሥራ ወጥቷል" ብያለሁ፤ ውሸትም አይደለም።

አሁን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ከአባቴ ቤት ሥር እስከ ትልቁ ሾላ ድረስ ያለው ግጦሽ ከሞላ ጎደል ነጽቷል። ከሾላው ወዲያ ያለው ዳርቻ ግን አሁንም ቢጫ ነው፤ በየክረምቱ ጎርፍ ፍሬ ያመጣልናል። እዚያም ሰው አለና እትዬ ሰንጢ ይዛ ሄዳ እያስተማረች ነው። በዳገቱ ላይ ከተረፈው ሥር ኮሸሽላው እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። የጠፉት ንቦች አልተመለሱም፤ እትዬ ሌላ መንጋ ይዛ አንዱን ቀፎ ሞልታለች፣ አንዱ ባዶውን ነው።

ስለ ባለ ዘውዶቹ ወፎች እስካሁን አላነሣሁም። ረጃጅም እግር ያላቸው፣ አናታቸው ላይ የወርቅ ጉንጉን የሚመስል ላባ የደፉ፣ ሁለት ሆነው የሚኖሩ ናቸው። በልጅነቴ ውሃው ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ይፈለፍሉና ጫጩቶቻቸውን አጭር ሣር ላይ ይዘው ይወጡ ነበር። እሾሁ ሲወርሰው ጫጩት በዚያ መካከል መራመድ አይችልምና እነሱም ቀሩ። እኔ መቅረታቸውን እንኳ አላስተዋልሁም፤ የነገረችኝ እትዬ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎንበስ ብለን ስንኮተኩት እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። ሁለቱ ወፎች ከደንገሉ ወጥተው ባጸዳነው መሬት ላይ እየተራመዱ ነው። በመካከላቸው ቡናማ፣ ገና ዘውድ ያላወጣ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ አንድ ጫጩት አለ። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ስለ አጭር ሣር፣ ስለ ነፍሳት፣ ስለ መኖሪያ አካባቢ ማብራሪያ ልጀምር አፌን ስከፍት፣

"ዝም በይ፤ ይሻገሩበት" አለችኝ።

ዝም አልሁ። ባለቤቴ እንኳ ይበላል አይበላም ሳይል ቆመ። ወፎቹ ሳይቸኩሉ፣ ሣሩን እየለቃቀሙ፣ ጫጩቱን እየጠበቁ ከፊታችን አልፈው ውሃው ዳር ደረሱ። እትዬ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና በዶማዋ አንድ ጥግ አሳየችኝ።

"እዚያ ሦስት ቀርተውሻል" አለችኝ።